ኦቫሉን ብቻ ስጪኝ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። የድሬዳዋን የግንቦት ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ቬንቲሌተሩ ይዞራል፤ የሚያመጣው ግን ትኩስ አየር ነው። እኔ ሰሌዳ ፊት ቆሜ የሁለተኛ ዲግሪ ሴሚናሬን አቀርባለሁ። ርዕሱ የሪል አልጀብራዊ ቫራይቲዎች ቶፖሎጂ ነው። በቀላል አማርኛ ስናስቀምጠው፣ በፖሊኖሚያል እኩልታ የሚጻፉ ቅርጾች ምን ይመስላሉ? ስንት ቁራጭ አላቸው? ስንት ቀዳዳ?

ሃያ ደቂቃ ያህል ጥሩ ሄደ። ከዚያ በሙሉ ልብ እንዲህ አልኩ፦ «ማንኛውም ለስላሳና ዝግ ቅርጽ በፖሊኖሚያል ሊጻፍ እንደሚችል ተረጋግጧል። ስለዚህ በቅርጹ ላይ የምንሥለው ማንኛውም ቀለበትም፣ ቢያንስ ክላሱ፣ በፖሊኖሚያል ይጻፋል።» («ክላስ» ምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።)

አማካሪዬ ከኋላ ወንበር ተነሡ። አልተቆጡም። ጠመኔውን ከእጄ ተቀብለው ሰሌዳው ላይ አንዲት መስመር ጻፉ፦

ዋይ² = ኤክስ³ − ኤክስ

«ሣዪው» አሉኝ። ሣልኩት። በግራ በኩል እንቁላል የመሰለች ዝግ ቀለበት ወጣች። በቀኝ በኩል ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ክፍት ቅርንጫፍ ወጣ። «አሁን ኦቫሉን ብቻ ስጪኝ» አሉ። «ኦቫሉ ላይ ዜሮ የሚሆን፣ ቅርንጫፉ ላይ ግን ዜሮ የማይሆን ፖሊኖሚያል አምጪ።»

ቆሜ ቀረሁ። ሊኖር ይገባል ብዬ ነበር። እንቁላሏ እኮ ለብቻዋ ናት! ከቅርንጫፉ ጋር የትም አትነካካም። አንድ ሦስት ሙከራ ሰሌዳ ላይ ሞከርኩ፤ ሁሉም ወደቁ። ሴሚናሩ በዚያው አለቀ።

ይህን የምጽፈው በዚህ መንገድ ለሚመጡ ተማሪዎች ነው። እኔ በአማርኛ የሚያስረዳኝ ጽሑፍ ፈልጌ አጥቼ ነበር። ትርጉሞቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ነገሩ ግን ገና አልገባኝም ነበር። የገባኝ ከዚያች አንዲት እንቁላል በኋላ ነው። ስለዚህ እንቁላሏን ላሳያችሁ።

ባለ ካሬ ወረቀት ያዙ። ኤክስ −0.5 ሲሆን ዋይ² 0.375 ይመጣል። ዋይ ወደ 0.61 ወይም ወደ −0.61 ነው ማለት ነው። አንድ ነጥብ ከላይ፣ አንድ ነጥብ ከታች። ኤክስ 0.5 ሲሆን ግን ዋይ² −0.375 ነው። ስኩዌሩ ኔጌቲቭ የሆነ ሪል ቁጥር የለም፤ ስለዚህ እዚያ ባዶ ነው። ኤክስ 2 ሲሆን ዋይ² 6 ነው፤ እንደገና ሁለት ነጥብ። እንዲህ እያላችሁ ስትሄዱ ከ−1 እስከ 0 እንቁላሏ ትወጣለች። ከ0 እስከ 1 ምንም የለም። ከ1 በኋላ ቅርንጫፉ ይጀምራል።

አሁን ኦቫሉ ላይ በሙሉ ዜሮ የሚሆን አንድ ፖሊኖሚያል አለ እንበል። ፒ እንበለው። በፒ ውስጥ ዋይ² ባያችሁበት ሁሉ ኤክስ³ − ኤክስ ተኩበት፤ ከርቩ ላይ፣ ማለትም እኩልታው በሚሥለው መስመር ላይ፣ እኩል ናቸውና ምንም አይለወጥም። ተክታችሁ ስትጨርሱ የሚተርፈው ይህ ብቻ ነው፦ ሀ + ለ·ዋይ። እዚህ ሀ እና ለ በኤክስ ብቻ የተጻፉ ፖሊኖሚያሎች ናቸው። ኤክስ በ−1 እና በ0 መካከል ሲሆን ኦቫሉ ላይ ከላይም ከታችም ነጥብ አለ። ከላይኛው ሀ + ለ·ዋይ = 0 እናገኛለን። ከታችኛው ሀ − ለ·ዋይ = 0። ደምሩት፤ ሀ ዜሮ ነው። ቀንሱት፤ ዋይ ዜሮ ስላልሆነ ለ ዜሮ ነው። ይህ ደግሞ በ−1 እና በ0 መካከል ላለ ለእያንዳንዱ ኤክስ እውነት ነው። ስፍር ቁጥር የሌለው ቦታ ላይ ዜሮ የሆነ ባለ አንድ ተለዋዋጭ ፖሊኖሚያል ደግሞ ራሱ ዜሮ ነው። ስለዚህ ሀም ለም በየትም ቦታ ዜሮ ናቸው። ፒ ቅርንጫፉም ላይ ዜሮ ሆነ ማለት ነው።

በቃ። እንቁላሏን የያዘ ቅርንጫፉንም ይይዛል። ለብቻዋ አትመጣም።

ይህን ማረጋገጫ ያገኘሁት በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚችለው ስሌት ነው። ሦስት ቀን የፈጀብኝ ስለከበደ አይደለም። «ለምን አልቻልኩም?» ብዬ ከመጠየቅ ይልቅ «እንዴት ላግኘው?» እያልኩ ስለነበር ነው። አንድ ነገር ሲያቅታችሁ፣ የማይቻል ስለሆነ ይሆናል ብላችሁ ለአንድ ምሽት ያህል እንኳ አስቡት።

ግን የማይነካኩ ሁለት ቁራጮችን ምን አስተሳሰራቸው? ለዚህ የረዳኝ ደቻቱ ነው። ድሬዳዋን የማያውቅ ሰው አብዛኛውን ዓመት ቢመጣ ደቻቱን አሸዋ ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ወዲህ ማዶ ከዚራ፣ ወዲያ ማዶ መጋላ። ላዩን ያየ ውሃ የለም ይላል። ከተማዋ የምትጠጣው ግን ከጉድጓድ ነው፤ ውሃው ከመሬት በታች አለ። በከርቩም እንደዚያው ነው። በ0 እና በ1 መካከል ባዶ የሆነው በሪል ቁጥሮች ብቻ ስለምናይ ነው። ኮምፕሌክስ ቁጥሮችን፣ ማለትም ስኩዌራቸው ኔጌቲቭ ሊሆን የሚችል ቁጥሮችን፣ ስንፈቅድ እዚያም ነጥቦች አሉ። ወሰን የለሽ ርቀት ላይ ያለችውን አንዲት ነጥብ ጨምረን በኮምፕሌክስ ስናየው ከርቩ አንድ ወጥ ነገር ነው። እንዲያውም የቦምቦሊኖ ገጽ ቅርጽ አለው። የምናያቸው ሁለቱ ሪል ቁራጮች በዚያ ገጽ ላይ ያሉ ሁለት ቀለበቶች ናቸው። ፖሊኖሚያሉ የሚያውቀው ሙሉውን ነው። እኛ የምናየው ላዩን ነው።

አሁን ወደ ሆሞሎጂ። ቃሉ ያስፈራል፤ አትፍሩት።

አክስቴ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው የምትኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ደንገጎን ወጥቼ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፌ እሷ ጋ እሄዳለሁ። አንድ ቅዳሜ ከአክስቴ ልጅ ጋር ዳቦ ልንገዛ ወጣን። የአሥር ዓመት ልጅ ነው፤ የጀጎልን ጠባብ መንገዶች እንደ እጁ መዳፍ ያውቃቸዋል። እኔ አንዱን ቅያስ ይዤ ልገባ ስል እጄን ጎተተኝ። «በዚህ አያሳልፍም!» አለኝ። እዚያው ቆምኩ። ሴሚናሩ ላይ የተጠየቅኩት ሁሉ በአንዴ ትዝ አለኝ።

አልጀብራዊ ከርቭ ላይ «አያሳልፍም» የሚባል ነገር የለም። አንድ ነጥብ ላይ የሚደርሱ ክንዶች ቁጥር ሁልጊዜ ተጋማሽ ነው፤ 2 ወይም 4 ወይም 6፣ ወይም ጭራሽ 0። ጎዶሎ አይሆንም። ኤክስ·ዋይ = 0 ብላችሁ ብትሥሉ መስቀለኛ መንገድ ታገኛላችሁ፤ አራት ክንድ። ዋይ² = ኤክስ³ ብላችሁ ብትሥሉ ሹል ጫፍ ታገኛላችሁ፤ የመንገዱ መጨረሻ ይመስላል፣ ግን ሁለት ክንዶች ናቸው የተገናኙት። እንደ ጀጎል ሦስት መንገድ የሚገጥምበት ቦታ፣ ወይም ግድግዳ ላይ ሄዶ የሚያበቃ መንገድ ግን በፖሊኖሚያል አይጻፍም።

ለምን? በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ላለ ከርቭ ምክንያቱ ቀላል ነው። እኩልታው ውስጥ የተደጋገመ ፋክተር ካለ አንዱን ብቻ አስቀሩ። ከዚያ በነጥቡ ዙሪያ ትንሽ ክብ ሣሉና በክቡ ላይ ዙሩ። አንድ ክንድ ባለፋችሁ ቁጥር የፖሊኖሚያሉ ምልክት ይቀየራል፤ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ፣ ወይም በተቃራኒው። ዙሩን ጨርሳችሁ ስትመለሱ ምልክቱ የጀመራችሁበት መሆን አለበት። ጎዶሎ ጊዜ ከተቀየረ አይመለስም። ዴኒስ ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1971 ይህንኑ ሐሳብ ለማንኛውም ዳይሜንሽን አስፍቶታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እና ሆሞሎጂ ምን አገናኘው? በሞድ 2 ሆሞሎጂ የምንቆጥረው ጠርዝ የሌላቸውን ነገሮች ነው። ጀጎልን የሚከበውን ግንብ አስቡ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ጊዜ የተሠራው ማለቴ ነው። ከጥንት አምስት በሮች ነበሩት። አምስቱም ሲዘጉ ግንቡ ዙሩን ይገጥማል፤ ጫፍ የለውም። በሩን ስትከፍቱት ጫፎች ብቅ ይላሉ። ጫፍ የሌለውን ሳይክል እንለዋለን። ሁለት ሳይክሎች አብረው አንድን ንጣፍ ከከበቡ፣ ማለትም የአንድ ቁራጭ ገጽ ጠርዝ ከሆኑ፣ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። እንዲህ እንደ አንድ የሚቆጠሩት ሁሉ በአንድ ላይ ክላስ ይባላሉ። ለብቻው የአንድ ንጣፍ ጠርዝ የሆነ ቀለበት ደግሞ ዜሮ ነው።

«ሞድ 2» ማለት ደግሞ እንደ መብራት ማብሪያ ነው። ሁለት ጊዜ ከነካችሁት እንዳልነካችሁት ነው። በአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ከሄዳችሁ እንዳልሄዳችሁ ይቆጠራል። አቅጣጫ አንጠይቅም። አንድ ነጥብ ላይ የሚደርሱ ክንዶች ቁጥር ተጋማሽ ከሆነ በሞድ 2 ጫፍ የለም ማለት ነው። ስለዚህ አልጀብራዊ የሆነ ማንኛውም ነገር፣ ቢቆራረጥም ቢሾልም፣ የሆሞሎጂ ክላስ አለው። ይህንን አርማን ቦረል እና አንድሬ ሄፍሊገር በ1961 በሥርዓት አስቀመጡት። የእኛ ትምህርት የሞድ 2ን ሆሞሎጂ የሚወደው ለዚህ ነው። አቅጣጫን የሚቆጥረው ሌላው መንገድ በሪል ቅርጾች ላይ ብዙ ቦታ ይሰናከላል።

እኔ እዚህ ጋ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፤ እናንተ አትድገሙት። ሆሞሎጂን በሙሉ ቁጥሮች ጀምሬ ስድስት ወር ያህል በምልክትና በአቅጣጫ ተጨናነቅሁ። በ0 እና በ1 ብቻ ጀምሩ። 1 + 1 = 0። በዚህ ቁጥር የሚሠራ ሊኒየር አልጀብራ ሳምንት አይፈጅም፤ ግማሹን መንገድ ይወስዳችኋል።

ወደ እንቁላሏ እንመለስ። ወሰን የለሹን ነጥብ ስንጨምር ቅርንጫፉም ይገጥምና ቀለበት ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ቀለበት አለን። በሞድ 2 አራት ክላስ አለ ማለት ነው፦ ምንም፣ ኦቫሉ ብቻ፣ ቅርንጫፉ ብቻ፣ ሁለቱም። ከአራቱ በፖሊኖሚያል የሚጻፉት ስንት ናቸው? ምንም እና ሁለቱም። ሁለት ብቻ። እነዚህን አልጀብራዊ ክላሶች እንላቸዋለን። ሴሚናሩ ላይ የሳትኩት ነገር ይኸው ነው። ቅርጹ አልጀብራዊ መሆኑ በውስጡ ያለው ክላስ ሁሉ አልጀብራዊ ነው ማለት አይደለም።

«ግን ያ ከርቭ ሁለት ቁራጭ ስለሆነ ነው፤ አንድ ወጥ ቅርጽ ላይ እንዲህ አይሆንም» አልኩ ለራሴ። ተስፋ መቁረጥ አልፈለግኩም። ለዚህ መልሱን ያገኘሁት ከዚራ፣ ዛፎቹ ሥር፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው።

ጓደኛዬ ቦምቦሊኖ አዘዘልኝ። ያው መካከሉ ቀዳዳ ያለው። የቦምቦሊኖ ገጽ ቶረስ ይባላል፤ እንዲህ ይጻፋል፦

(ኤክስ² + ዋይ² + ዜድ² + 3)² = 16(ኤክስ² + ዋይ²)

ቶረስ ላይ ሁለት ዋና ቀለበቶች አሉ። አንዱ ቀዳዳውን የሚዞረው ነው። ሌላው እንደ ቀለበት ጣት ላይ እንደሚገባ የሊጡን ውፍረት የሚዞረው ነው። ሁለቱም የምንም ንጣፍ ጠርዝ አይደሉም። በሞድ 2 አራት ክላስ ይወጣል፦ ምንም፣ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ድምራቸው።

ቢላ አንሥቼ ቦምቦሊኖውን መካከሉ ላይ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩት። ሁለት ክብ የሊጥ ፊት ታየ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ቢላው ሁልጊዜ ሁለቱን አብሮ ነው የሚቆርጠው። በስሌትም እንደዚያው ነው። ዋይ = 0 ስንል እኩልታው (ኤክስ² + ዜድ² + 3)² = 16ኤክስ² ይሆናል። ይህ ግን ለሁለት ይፈርሳል፦ (ኤክስ − 2)² + ዜድ² = 1 እና (ኤክስ + 2)² + ዜድ² = 1። ሁለት ክብ፣ ሁለት የተለያየ እኩልታ። ስለዚህ እዚህ አንዱን ክብ ብቻ መስጠት ይቻላል! ዜድ = 0 ስንል ደግሞ ራዲየሳቸው 1 እና 3 የሆኑ ሁለት ክቦች ይወጣሉ፤ እነሱም ይለያያሉ። በዚህ ቦምቦሊኖ ላይ አራቱም ክላሶች አልጀብራዊ ናቸው።

ደስ አለኝ። ጓደኛዬ ግን «እኩልታውን ትንሽ ብትነካኪውስ?» አለኝ። እሱ ሒሳብ አልተማረም፤ ባጃጅ ነው የሚነዳው። ጥያቄው ግን ልክ ነበር። አቦ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አጠገባችሁ ይኑር።

ብንነካካውስ? እኩልታው አራተኛ ዲግሪ ነው። ኮኢፊሸንቶቹን በኢምንት እንለውጣቸው፤ ያልነበሩ ተርሞችንም በኢምንት ኮኢፊሸንት እንጨምር፤ በዘፈቀደ። ቦምቦሊኖው ያው ቦምቦሊኖ ነው። ቀዳዳው አንድ ነው። በዓይን ልዩነቱ አይታይም። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ቴዎረም ይገባል። ማክስ ኖተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያለው፣ ሶሎሞን ሌፍሸትዝ በ1920ዎቹ ያረጋገጠው። (ማክስ የታላቋ የሒሳብ ሰው የኤሚ ኖተር አባት ነው።) ዲግሪው 4 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ፣ በዘፈቀደ በተመረጠ ገጽ ላይ፣ ማንኛውም አልጀብራዊ ከርቭ ገጹ ከአንድ ሌላ ገጽ ጋር የሚገናኝበት ሙሉው መስመር ነው ይላል። ከፊሉ አይደለም፤ ሙሉው።

ይህ ምን ያመጣል? የሌላኛው ገጽ ፖሊኖሚያል በቦምቦሊኖው ላይ አንዳንድ ቦታ ፖዘቲቭ፣ አንዳንድ ቦታ ኔጌቲቭ ነው። ፖዘቲቭ የሆነበትን ቦታ ሁሉ ቸኮሌት ቀቡት። ከርቫችን የቸኮሌቱ ጠርዝ ሆነ። የንጣፍ ጠርዝ ደግሞ በሆሞሎጂ ዜሮ ነው ብለናል። ስለዚህ በተነካካው ቦምቦሊኖ ላይ ያለ አልጀብራዊ ከርቭ ሁሉ ክላሱ ዜሮ ነው። ከአራቱ ክላሶች አንድ ብቻ ቀረ፤ «ምንም» የሚባለው።

ቢላውን አሁን መልሳችሁ አስቡት። የተነካካውንም ቦምቦሊኖ ሲቆርጥ ሁለት ክብ መሳይ ነገሮች ይወጣሉ። ያኛው እኩልታ ግን ለሁለት አይፈርስም። ግራውን የያዘ ቀኙንም ይይዛል። እንቁላሏና ቅርንጫፉ እንደገና መጡ! «ኦቫሉን ብቻ ስጪኝ» የሚለው ጥያቄ አንድ ወጥ በሆነ ቅርጽ ላይም ተመልሶ አገኘኝ። ቶፖሎጂው ያው ነው፤ የተለወጠው አልጀብራው ነው። የትኞቹ ክላሶች አልጀብራዊ እንደሆኑ የሚወስነው ቅርጹ ሳይሆን የተጻፈበት እኩልታ ነው። ይህን ሳውቅ ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ታሪኩን ማንበብ ጀመርኩ፤ ያኔ ስሞቹ ትርጉም ሰጡኝ። ጆን ናሽ በ1952 ማንኛውም ለስላሳና ዝግ ማኒፎልድ (በየነጥቡ ቀርበው ሲያዩት ጠፍጣፋ የሚመስል ቅርጽ) የአንድ አልጀብራዊ ቅርጽ ቁራጭ መሆኑን አሳየ። ቁራጭ ብቻ ነው ያለው፤ እንደ እንቁላሏ ማለት ነው! ሌሎች የማንፈልጋቸው ቁራጮች አብረው ሊመጡ ይችላሉ። ያንን ችግር አልቤርቶ ቶኞሊ በ1973 ፈታው፤ ሙሉው ቅርጽ ራሱ ማኒፎልዱ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። እኔ ሴሚናሩ ላይ የጠቀስኩት ይህንን ነበር። ረኔ ቶም ደግሞ በ1954 በሞድ 2 ማንኛውም ክላስ ከአንድ ለስላሳ ማኒፎልድ በሚመጣ ማፕ (ነጥቦችን ወደ ነጥቦች በሚወስድ ደንብ) እንደሚገኝ አረጋገጠ። እነዚህን ሦስቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው «እንግዲያው ለእያንዳንዱ ማኒፎልድ፣ ክላሶቹን ሁሉ አልጀብራዊ የሚያደርግ ጥሩ እኩልታ ይኖራል» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ለቦምቦሊኖ አለ፤ አይተነዋል። ግን ሪካርዶ ቤኔዴቲ እና ማሪያ ዴዶ በ1984 አይሆንም አሉ። 11 ዳይሜንሽን ያለው ማኒፎልድ አሳዩ፤ በየትኛውም እኩልታ ብትጽፉት አልጀብራዊ የማይሆን ክላስ አለው። የኔ ስህተት በትልቁ ቢሆን ይህን ይመስል ነበር።

ስለ ስህተት ካነሣሁ አንድ ሰው ልጨምር፤ ከሴሚናሩ በኋላ ያበረታኝ እሱ ነው። አክሰል ሃርናክ በ1876 ለስላሳ የሆነ የጠፍጣፋ ገጽ ከርቭ ቢበዛ ስንት ቁራጭ እንደሚኖረው አገኘ። ከዲግሪው 1 ቀንሱ፣ ከዲግሪው 2 ቀንሱ፣ ሁለቱን አባዙ፣ ለ2 አካፍሉ፣ 1 ጨምሩ። ሦስተኛ ዲግሪ 2 ቁራጭ፤ የኛዋ እንቁላልና ቅርንጫፏ። አራተኛ ዲግሪ 4። ስድስተኛ ዲግሪ 11። ዴቪድ ሂልበርት በ1900 ፓሪስ ላይ ባቀረባቸው ጥያቄዎች በ16ኛው «እነዚህ ኦቫሎች አቀማመጣቸው እንዴት ነው? ማን በማን ውስጥ ይገባል?» ብሎ ጠየቀ። በስድስተኛ ዲግሪ የሚታወቁት ሁለት አቀማመጦች ነበሩ። አንድ ኦቫል በሆዱ 1 ይዞ 9 ውጭ ሲሆኑ፣ ወይም 9 ይዞ 1 ውጭ ሲሆን። ዲሚትሪ ጉድኮቭ የተባለ በሩሲያ የጎርኪ ከተማ ሰው በ1954 ከነዚህ ሌላ የለም ብሎ ነበር። በ1969 ራሱ ሦስተኛውን ሠራው፤ 5 በውስጥ፣ 5 በውጭ። አስቡት፤ አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ የራሱን «የለም» ራሱ አፈረሰው። በዚያ ምክንያት ያስተዋለው የቁጥር ሥርዓት ቭላዲሚር አርኖልድን እና ቭላዲሚር ሮኽሊንን ወደዚህ ሥራ አመጣቸው። በ1971 እና በ1972 ምክንያቱን ያገኙት ከሪሉ ሥር ያለውን ኮምፕሌክሱን ገጽ በመመርመር ነው። ያው፣ ከአሸዋው ሥር።

አሁን በተግባር። ሥዕል ለመሣል ጂኦጀብራን ተጠቀሙ፤ ነፃ ነው፣ አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ግን ባለ ካሬ ወረቀቱ አለ፤ እውነቱን ለመናገር በእጅ የሣልኩትን ነው የማስታውሰው። ሥዕልን ደግሞ አትመኑት። ሥዕል እንቁላሏ ለብቻዋ ናት ይላችኋል። አንድ ቴዎረም ስታነቡ ደግሞ «ቁራጭ» ይላል ወይስ «ሙሉ»፣ «አንድ እኩልታ አለ» ይላል ወይስ «ለማንኛውም እኩልታ» የሚለውን በእስክሪብቶ አስምሩበት። የኔ ሴሚናር የወደቀው በዚያች ልዩነት ነው። የገባችሁን ነገር ሒሳብ ለማያውቅ ሰው በአማርኛ አስረዱት። «ቻርት» እና «ሺፍ» ከማለታችሁ በፊት ቦምቦሊኖ ቁረጡ።

አማካሪዬ ጋ በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ማረጋገጫውን አንድ ገጽ ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡት። «ጎበዝ» አሉና ከወረቀቱ ጀርባ ሁለት እኩልታ ጽፈው መለሱልኝ። እኔም ለእናንተ ላስተላልፈው።

የመጀመሪያው፦ ዋይ² = (ኤክስ² − 1)(4 − ኤክስ²)

ሁለተኛው፦ ((ኤክስ − 1.5)² + ዋይ² − 0.25)·((ኤክስ + 1.5)² + ዋይ² − 0.25) = 0

ሁለቱንም ሣሏቸው። በሁለቱም ሥዕል ላይ በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ ዝግ ቀለበት ታያላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ወደ ላይ ዘርጋ ያሉ ናቸው፤ የሁለተኛው ትክክለኛ ክቦች ናቸው። ሁለቱም በ−2 እና በ−1 መካከል፣ ከዚያም በ1 እና በ2 መካከል ነው የሚያርፉት። አሁን የግራውን ቀለበት ብቻ ስጡኝ። ከሁለቱ በአንዱ ሥዕል ላይ ትችላላችሁ፤ በሌላኛው ላይ አትችሉም። የትኛው እንደሆነ ከወሰናችሁ በኋላ፣ በማትችሉበት ላይ ዋይ²ን ተኩና ሀ እና ለ ምን እንደሚሆኑ እዩ።